አማካይ የሚባለው ሰው

መቼም በየሪፖርቱ ስሙ የሚነሣ፣ በየስብሰባው የሚጠቀስ፣ ነገር ግን ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው አለ። አማካይ ይባላል። ቤቱ የት እንደሆነ አይታወቅም። እሱ የሚበላውን ያህል እንበላለን፣ እሱ የሚያገኘውን ያህል እናገኛለን፣ እሱ የሚኖረውን ያህል እንኖራለን ተብሎ ይታሰባል። ሁለት ቤት ያለው አንድ ሰውና በኪራይ የሚንከራተት ሌላ ሰው ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አማካይ መካከላቸው ብቅ ብሎ «እናንተማ አንዳንድ ቤት አላችሁ» ይላቸዋል። ባለ ሁለት ቤቱ ይስቃል። ተከራዩ መሳቁን ግን እንጃ።

ይህን ሰው በተለይ የታዘብኩት በሕክምና ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የወጡ የጤና ሪፖርቶች አንድ ኢትዮጵያዊ ለተመላላሽ ሕክምና በዓመት በአማካይ 0.3 ጊዜ ገደማ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል ይሉ ነበር። ዜሮ ነጥብ ሦስት! ይኸውም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ባነበብኩ ጊዜ አማካይ በሐሳቤ መጣብኝ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤና ጣቢያው በር ደርሶ፣ በሁለተኛው ዓመት ካርድ አውጥቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ ዘንድ ሲገባ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ሰውዬው ግን ያው ነው፤ ዛሬም ማንም አላየውም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የቁጥር ባለሙያም አይደለሁም። ጋዜጣና መጽሔት የማነብ፣ ከቤተሰቤ አንድ ሰው በታመመ ቁጥር ኪሴን የምዳብስ የከተማ ሰው ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ቁጥር በቤታችን በር ስለገባ ነው። እሱን እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ከእኛ በጣም ርቀው የሚገኙ የአንዲት አነስተኛ ግዛት ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ላውጋችሁ።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ቨርሞንት የምትባል ተራራማ ግዛት አለች። ጆን ዌንበርግ የተባለ ሐኪምና አለን ጊትልሶን የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በ13 የቨርሞንት አካባቢዎች የሚኖረው ሕዝብ ምን ያህል ሕክምና እንደሚያገኝ ቆጠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። የሕክምና መጽሔቶች አንቀበልም ስላሉት የወጣው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ነበር። ከቆጠሯቸው ነገሮች አንዱ የቶንሲል ቀዶ ጥገና ነው። በአንደኛው አካባቢ ከ10,000 ነዋሪ በዓመት 13 ሰው ቶንሲሉን ሲያስወጣ፣ በሌላው አካባቢ 151 ሰው ያስወጣል። ዌንበርግ ራሱ ልጆቹን ያስተምር የነበረው ዋተርበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ከአምስት ልጆች አንዱ ቶንሲሉን አስወጥቶ ነበር። እዚያው ጎን፣ ስቶው በምትባለው ከተማ ደግሞ ከአሥር ልጆች ሰባቱ።

እንግዲህ የስቶው ልጆች ጉሮሮ ከዋተርበሪ ልጆች ጉሮሮ በምን ይለያል? ብርዱ አንድ ነው። ምግቡ አንድ ነው። የወላጆቻቸው ገቢም ቢሆን የሚቀራረብ ነው። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞቻቸው። በአንደኛው ከተማ ያሉት ሐኪሞች ያበጠ ቶንሲል መውጣት አለበት ብለው ያምናሉ። በሌላው ከተማ ያሉት ልጁ ሲያድግ ይተወዋል ብለው ያምናሉ። ሁለቱም ወገኖች በቅንነት የሚሠሩ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ጎረቤታቸው ምን እንደሚሠራ አያውቁም።

ይህን ሳነብ ከመሳቄ በፊት የራሳችን እንጥል ትዝ አለኝ። ባደግሁበት ሰፈር እንጥል በመቁረጥ የታወቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በዚያ ሰፈር ልጅ ሆኖ እንጥሉን ያልተቆረጠ ማግኘት ያስቸግራል። ልጅ ሲያለቅስ «እንጥሉ ወርዶ ነው»፤ ጡት እምቢ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው»። ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ግን እንዲህ ያሉ አዋቂ አልነበሩምና የእንጥል መውረድ የሚባለው በሽታም እምብዛም አይታወቅም ነበር። የእኛ ሰፈር አሮጊትና የስቶው ሐኪም በትምህርትም በንጽሕናም አይወዳደሩም። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ባለሙያው ባለበት ቦታ በሽታው ይበዛል።

ነገሩ በአሜሪካ አልተጀመረም። ጄምስ አሊሰን ግሎቨር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የእንግሊዝ ተማሪዎች የቶንሲል ቀዶ ጥገና ከአካባቢ አካባቢ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቶ ነበር። በሎንዶን አቅራቢያ በምትገኘው ሆርንሲ የትምህርት ቤቶቹ ሐኪም ተለውጦ ሌላ ሰው በተተካ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ የቀዶ ጥገናው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከበፊቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። የተለወጠው የልጆቹ ጉሮሮ አይደለም፤ የሐኪሙ ወንበር ነው።

አንባቢዬ «እሺ፣ ቶንሲል ቀላል ነገር ነው፤ ዋናው ሕክምናስ?» ይል ይሆናል። ዌንበርግም ይህንኑ ጠየቀ። በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ከተሞችን መረጠ፤ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለባትን ቦስተንንና የዬል የሕክምና ትምህርት ቤት ያለባትን ኒው ሄቨንን። ከእነዚህ የበለጠ የተማረ ሐኪም የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1982 በቦስተን ለሆስፒታል ሕክምና በነፍስ ወከፍ የወጣው ገንዘብ 889 ዶላር ሲሆን፣ በኒው ሄቨን 451 ዶላር ነበር። እጥፍ ማለት ይቻላል። የሞት ቁጥራቸው ግን በዚያው ልክ አልተለያየም። ይህን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ሲያወጡ ርዕሱን በጥያቄ አደረጉት፤ ኒው ሄቨን ሕክምና እየተቆነጠረ ይሰጣታል ወይስ ቦስተን ከመጠን በላይ ትታከማለች? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኔ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው አይነግሩህም። አማካዩን አውጥተህ በመካከላቸው ብታቆመውም አይነግርህም። የሁለቱ አማካይ ማለት ግማሽ ቦስተን፣ ግማሽ ኒው ሄቨን ማለት ነው እንጂ ትክክለኛው ሕክምና ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስጠይቃል።

በሚያስጠይቅበትም ጊዜ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አቱል ጋዋንዴ የተባለው ሐኪምና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2009 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ስለ ማካለን ከተማ ጻፈ። ማካለን በቴክሳስ ግዛት፣ በሜክሲኮ ድንበር ላይ የምትገኝ ድሃ ከተማ ናት። ሜዲኬር የተባለው አረጋውያንን የሚያሳክመው የአሜሪካ መንግሥት መድኅን እ.ኤ.አ. በ2006 በማካለን ለአንድ ሰው 15,000 ዶላር ያህል አወጣ። ይህ የአገሪቱን አማካይ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በዚያው ድንበር ላይ ባለችው፣ ሕዝቧም ኑሮዋም በሚመሳሰለው በኤል ፓሶ ግን የወጣው 7,500 ዶላር ገደማ ነበር። ጋዋንዴ ሄዶ ሐኪሞቹን አነጋገረ። በማካለን የበዛው በሽታው ሳይሆን ምርመራው፣ ቀጠሮውና ቀዶ ጥገናው መሆኑን ጻፈ። አንዳንዱ ሐኪም ሕክምናን እንደ ንግድ መያዙንም አልሸሸገም። ጽሑፉ አገር አነጋገረ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም የጤና ሕጉ ክርክር ላይ በነበሩበት ወቅት አማካሪዎቻቸው እንዲያነቡት አደረጉ።

በዓመቱ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ተነሥተው የእነዚያኑ ከተሞች ሌላ ሕዝብ ቆጠሩ፤ ዕድሜያቸው ከ65 በታች የሆኑትንና በግል መድኅን የሚታከሙትን። በሜዲኬር ሲቆጠር ማካለን ከኤል ፓሶ በ86 በመቶ ይበልጥ ነበር። በግል መድኅን ሲቆጠር ግን በ7 በመቶ አነሰ! ከተማዋ ያችው፣ ሐኪሞቹ እነዚያው። አንደኛው ከፋይ የመጣለትን ሒሳብ ሁሉ የሚከፍል ሲሆን፣ ሌላው ከፋይ ግን «ይህ ምርመራ ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ «ማካለን ውድ ናት» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለማን ውድ? በማን ሒሳብ? ማን ሲጠይቅ፣ ማን ሳይጠይቅ? ማለት ያሻል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ናቸው። ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ጥናቱ የቆጠረው በሆስፒታል አይደለም፤ በእናቲቱ መኖሪያ ነው። በሆስፒታል ቢቆጠር ኖሮ «አስቸጋሪው ምጥ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ ስለሚላክ ነው» ይባል ነበር። በመኖሪያ ሲቆጠር ግን ያ መልስ አይሠራም። 21 በመቶ የተባሉት የአዲስ አበባ እናቶች ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ብራዚል ውስጥ በፎርታሌዛ በተካሄደው ስብሰባ፣ በየትኛውም አካባቢ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ የኦፕራሲዮን ወሊድ የሚያስኬድ ምክንያት የለም ተብሎ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳዩን ደግሞ መርምሮ፣ በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ቁጥሩ ከ10 በመቶ ማለፉ የእናቶችንም ሆነ የሕፃናትን ሞት ከመቀነስ ጋር እንደማይያያዝ ገለጠ። አያይዞም የተወሰነ ቁጥር ላይ ለመድረስ ከመሯሯጥ ይልቅ ለሚያስፈልጋት እናት ሁሉ ኦፕራሲዮኑ እንዲደርስ መጣር ይሻላል አለ። በዚህ መለኪያ ካየነው አዲስ አበባ ከላይ ወጥታለች፣ አገሪቱ ከታች ቀርታለች። እንግዲህ ይህ በአንድ አገር ውስጥ ነው። አማካይ የሚባለው ሰው ሁለቱን አቻችሎ 2 በመቶ ብሎ ዝም ይላል።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጫፎች ያሉት በቤተሰቤ ውስጥ ነው።

የእናቴ ታላቅ እኅት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትኖርበት ቀበሌ በ1978 ዓ.ም. አምስተኛ ልጇን ስታምጥ ሁለት ቀን አለፋት። በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። መኪና የሚገኝበት መንገድ ላይ ለመድረስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር። ከመንገድ ተመለሱ። ስለ እሷ ሲነገር የሰማሁት ሁሉ «ቀኗ ደረሰ» የሚል ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ቀኗ አልደረሰም፤ ያልደረሰው ሌላ ነገር ነው። እሷ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ በተካሄደው በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ላይ እንኳ፣ በአዲስ አበባ ከመቶ ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ሲሆን በአፋር ክልል 15ቱ ብቻ ነበሩ። በመላ አገሪቱ 26። የእናቶች ሞትም ከ100,000 ሕያው ወሊድ 412 ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከነበረው 871 ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው። ቢሆንም ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ቃሬዛ ላየ ሰው ገና ብዙ ይቀራል።

ሁለተኛዋ ታናሽ እኅቴ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ክትትል ስታደርግ ቆይታ በስምንተኛ ወሯ «በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው» ተባለች። ልጁ ተለቅ ያለ ነው፣ ውኃውም ትንሽ ነው ተባለ። ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። እኔም ያነበብኩትን ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ዘንድ ያለችውን ልጅ፣ «እባክሽ እዚህ ከሚወልዱት ከመቶ ስንቱ ናቸው በኦፕራሲዮን የሚወልዱት?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዋጋውን ነው ጋሼ?»

«አይ፣ ዋጋውን አይደለም። ብዛቱን ነው።»

«ውይ ጋሼ፣ ይህን ማን ይጠይቃል?» ብላ ሣቀች። ንቀት የለበትም ሣቋ፤ እውነቷን ነው። ጣቷን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። የዋጋው ዝርዝር በሚገባ ተተይቦ ተለጥፏል። በምጥ ለመውለድ ይህን ያህል፣ በኦፕራሲዮን ይህን ያህል፣ ለብቻ ክፍል ይህን ያህል፣ ለአስታማሚ አልጋ ይህን ያህል። የኦፕራሲዮኑ ዋጋ ከምጡ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ምን ያህል እንደምንከፍል ሁሉም ነገር በዝርዝር ተጽፏል። ምን ያህል ሰው እንደሚከፍለው ግን የትም አልተጻፈም።

ሐኪሙን ባገኘሁ ጊዜ ይህንኑ ጠየቅሁት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እኛ እያንዳንዷን ወላድ ለየብቻዋ ነው የምናየው። ቁጥር አይተን አንቀድም» አለኝ። መልሱ ደስ ይላል፣ ትክክልም ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የስቶው ሐኪሞችም ቢጠየቁ ይህንኑ ይሉ እንደነበር ታወሰኝ። እነሱም እያንዳንዱን ጉሮሮ ለየብቻው ነው ያዩት። ለየብቻው እያዩ ከአሥሩ ሰባቱን ቆረጡ።

እኅቴ በተቆረጠው ቀን ገብታ በሰላም ተገላገለች። ልጁ ዛሬ ኳስ ይጫወታል። ኦፕራሲዮኑ ያስፈልጋት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ የአካባቢ ቁጥር ስለ አንድ ሴት ምንም እንደማይል እነግረዋለሁ። ሐኪሙ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመቶ ሴቶች ሃያዋም ስትሆን፣ ከመቶ ሴቶች ሁለቷም ስትሆን አንዲቱ ሴት አንድ ናት። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እሷ አይደለም፤ ስለ ቤቱ ነው። አንድ ሆስፒታል ወላድን እንዴት እንደሚያይ፣ ምጥን ስንት ሰዓት እንደሚታገሥ፣ ሌሊት ሐኪም ይኑር አይኑር፣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በመላ ኢትዮጵያ በጤና ተቋማት ላይ በተካሄደ ጥናት፣ በመንግሥት ተቋማት ከሚወልዱት 15 በመቶ፣ ለትርፍ በሚሠሩ የግል ተቋማት ከሚወልዱት ደግሞ 46 በመቶ የሚሆኑት በኦፕራሲዮን የወለዱ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ከአገሪቱ ወላዶች ሁሉ አንድ በመቶ የማይሞሉት ናቸው ኦፕራሲዮን ያገኙት። እርግጥ ወደ ግል ሆስፒታል የሚሄዱት በዕድሜም በገቢም የተለዩ ናቸው። ምጥ ፈርተው ራሳቸው ኦፕራሲዮን የሚጠይቁም አሉ። ይህ ሁሉ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል። ሦስት እጥፉን ሁሉ ማስረዳቱን ግን ሳይጠየቅ ማወቅ አይቻልም። የሚጠይቅ ደግሞ የለም። በማካለን በግል መድኅን የሚታከሙትን ያዳናቸው ጠያቂ ከፋይ ነበር። እኛ ዘንድ ከፋዩ እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። እኅቱ ምጥ ላይ ያለች ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም፤ ይፈርማል እንጂ።

ይህ ከፋይነታችን ቀላል አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በጀት ዓመት የተሠራው የአገሪቱ የጤና ሒሳብ ጥናት፣ ለጤና የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ በነፍስ ወከፍ 33 ዶላር ገደማ መሆኑን፣ ከዚህም ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ መሆኑን አመልክቷል። በሎንዶን የሚገኘው ቻተም ሐውስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ድሃ አገሮች መሠረታዊ ሕክምና ለማዳረስ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 86 ዶላር የመንግሥት ወጪ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቶ ነበር። በማካለን ብዙ ማውጣት መልካም ሕክምና እንዳልሆነ አየን። እዚህ ላይ ደግሞ ጥቂት ማውጣት ቁጠባ እንዳልሆነ እናያለን። አክስቴ ለጤና ያወጣችው ገንዘብ ከአማካዩ በታች ነበር። ምንም አላወጣችም። ርካሽ ሞት ሞተች።

ስለዚህ ከአማካይ በላይ መሆን ብክነት፣ ከአማካይ በታች መሆን ቁጠባ ነው የሚለውን ሐሳብ ብንተወው ይሻላል። ዌንበርግ በኋለኞቹ ዓመታት ሕክምናን በሦስት ከፍሎ ያይ ነበር። አንደኛው ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ መድረስ ያለበት፣ ጥቅሙ ያለ ጥርጥር የታወቀ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ማነስ ነው፤ የአክስቴ ጉዳይ የዚህ ነው። ሁለተኛው ከአንድ በላይ መንገድ ያለውና ታማሚው አውቆ ሊመርጥ የሚገባው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሐኪሙ ለታማሚው መምረጡ ነው። ሦስተኛው አልጋና መሣሪያ ባለሙያም ስላለ ብቻ የሚበዛው ነው፤ እንደ እኛ ሰፈር እንጥል። ሚልተን ሮመር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእሱ በፊት፣ የተዘረጋ የሆስፒታል አልጋ ሰው አያጣም ብሎ ነበር። ሦስቱን በአንድ አማካይ ደባልቆ ማስላት ጤፍና ጠጠር አብሮ መስፈር ነው።

ማነስ በሚገድልበት ቦታ የአጠቃቀም ቁጥር ከፍ ማለቱ ደስ ሊያሰኘን ይገባል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በሙከራ ሲጀመር፣ አባል የሆኑት ካልሆኑት ይልቅ አዘውትረው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ታይተዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «መዋጮ ከፍለናል ብለው ያለ በሽታ ይመላለሳሉ» ይላል። ሊኖር ይችላል። ቀድሞ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይሄድ የነበረ ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ቢሄድ ግን አበዛ አልለውም። ልጁ ሲያተኩስ የሚሸጥ በግ መፈለግ ትቶ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ እላለሁ እንጂ።

መብዛት በሚያስጠረጥርበት ቦታስ ምን ይደረግ? እዚህም የቨርሞንት ሰዎች የሚያስተምሩን አለ። ዌንበርግና ጓደኞቹ ቁጥሩን ካወጡ በኋላ ሐኪም አልከሰሱም፣ ሆስፒታልም አላዘጉም። ቁጥሩን ወስደው ለሐኪሞቹ አሳዩአቸው፤ «እናንተ ዘንድ ይህን ያህል፣ ጎረቤታችሁ ዘንድ ይህን ያህል ነው» አሏቸው። ሐኪሞቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1973 ባለው ጊዜ በግዛቲቱ የሚደረገው የቶንሲል ቀዶ ጥገና በ46 በመቶ ቀነሰ። ይህን ያህል ልጅ ከቢላዋ የተረፈው ጎረቤት ጎረቤቱን ስላየ ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ለታማሚ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለካ ለሆስፒታልም ይሠራል።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። በአዲስ አበባ ያለ እያንዳንዱ የማዋለጃ ክፍል፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ በየዓመቱ ከመቶ ወላዶቹ ስንቱን በኦፕራሲዮን እንዳዋለደ ቢያሳውቅ፣ ከጎኑም የከተማውንና የአገሩን ቁጥር ቢያስቀምጥ ይበቃል። ከፍ ያለው ለምን ከፍ እንዳለ ይናገር፤ አጥጋቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አስቸጋሪ ምጥ የሚላክለት ሆስፒታል ቁጥሩ ከፍ ቢል ማንም አይፈርድበትም። በየክልሉም እንዲሁ፤ ዝቅ ያለው ለምን ዝቅ እንዳለ ይናገር። መንገድ ነው? አምቡላንስ ነው? የሚቀድ ባለሙያ ነው? ያን ጊዜ እኅቱን ይዞ የሚመጣ ሰው «ዋጋውን ነው ጋሼ?» አይባልም።

ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የዋጋው ዝርዝር በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ለአንድ ወረቀት የሚሆን ቦታ አይጠፋም።